ልቡ ደነደነ ያልንበት ጾም

ጥር 13 ቀን 2002 ዓ.ም.

ዛሬ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጎረቤታችን ጽጌሬዳ ባሏን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። እኔና ኒቆዲሞስ ለቅሶ ልንደርስ ሄድን። ድንኳኑ ጢም ብሏል፤ የእድሩ ሰው አለ፣ ከማዘጋጃ ቤት የኒቆ የሥራ ባልደረቦች አሉ። ጽጌሬዳ ፍራሹ ላይ ኩርምት ብላለች። ባሌ ሄዶ አጠገቧ ቁጭ አለና፣ ያውም ጮክ ብሎ፣ «እንግዲህ አልጋው ሰፋልሽ» አላት።

አንዲት ሴትዮ በነጠላዋ አፏን ያዘች። እሱ ግን ንፍሮውን እየዘገነ ይበላል።

ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው። የእድሩ ጸሐፊ ነው፤ ለሐዘንተኛ ምን እንደሚባል ሌላው ሰው ከእሱ ነበር የሚማረው። ቤት እንደገባን ጮህኩበት። «እውነት አይደለም እንዴ?» አለኝና ጫማውን አውልቆ ተኛ። ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ። እኔ ይኸው ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ነገ በምን ዓይኔ ነው ጽጌሬዳን የማያት?

ጥር 19

ቸኩያለሁ። ውሃ ዛሬም አልመጣም፣ አንድ ጀሪካን ብቻ ቀርቷል።

ባለሱቁ ዓሊዪ በመንገድ ጠራኝ። «እትዬ ራሔል፣ ጋሼ ከረሜላውን በእጃቸው እየዘገኑ ይሄዳሉ። አላኮረፍኩም አቦ፣ ግን ይወቁት ብዬ ነው።» ሳቅ አለ። እኔ አልሳቅኩም። ማታ ኒቆ ሻይ ሲጠጣ አየሁት፤ ስኳሩ ከሻዩ ይበልጣል። ሐረር ውስጥ ትልቅ ሰው ድንገት ጣፋጭ ሲወድ የሚጠረጠረው በጫት ነው። ጥርሱን አየሁ፣ ንጹሕ ነው። ልብሱን አሸተትኩ፣ ምንም የለም። ታዲያ ምን ነክቶት ነው?

ጥር 27

ዛሬ ጥሩ አስተማርኩ፤ ይህንን እንኳ ልጻፍ።

ለአሥረኛ ክፍል የነርቭ ሥርዓትን ጀመርኩ። ጾም ሳይገባ ብዬ ከሥጋ ቤት የበግ ጭንቅላት አስፈልጬ አንጎሉን በሳህን ይዤ ገባሁ። ሴቶቹ ጮኹ፣ ወንዶቹ ደግሞ ጎበዝ ለመምሰል ተጋፉ። ከኋላ ያለችው ሚዛን ትጠብቃለች፣ ግንዱ ትንፋሽና የልብ ምት ይመራል፣ የፊተኛው ክፍል ግን በእኛ በሰዎች ከሁሉ የገዘፈ ነው አልኳቸው። ልጓም ነው። ያማረህን ሁሉ እንዳታነሳ፣ አፍህ ላይ የመጣውን ሁሉ እንዳትናገር የሚይዝህ እሱ ነው።

አንዷ «ቲቸር፣ ልጓሙ ቢበጠስስ?» አለችኝ።

«ሰውየው ይራመዳል፣ ያነባል፣ ይደምራል፣ ይቀንሳል። ጠባዩ ግን የሌላ ሰው ይሆናል። የማያውቅ ሰው ባለጌ ነው ይለዋል።» ደወል ተደወለ። በደስታ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ኒቆ የእኔንና የልጃችንን የባርኮትን ምሳ ጨምሮ በልቶት ጠበቀኝ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ርቧት መጥታ ደረቅ ዳቦ እየበላች ነው። «ምን ዓይነት ባለጌ ሆንክ?» አልኩት። ድሮ ባርኮት ሳትበላ እህል በአፉ አይገባም ነበር።

የካቲት 5

ባርኮት ታይፎይድ ይዟታል። ሁለት ቀን ክሊኒክ አስተኝተዋት ዛሬ ገና ወጣች። ትኩሳቷ እንደ ምጣድ ሲያቃጥለኝ ስልክ ደውዬ «ና» አልኩት። አልመጣም። ለሁለተኛ ጊዜ ደወልኩ። «ሐኪም አለ አይደል? ትድናለች» ብሎ ዘጋብኝ።

ይህ ሰው ልጅቷ በሕፃንነቷ ስትስል እሷን አዝሎ ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ የሚያነጋ ሰው ነበር። ጎረቤት «አንተ ነህ ወይስ ራሔል ናት የወለደቻት?» እያለ ይስቅበት ነበር። ዛሬ ስንገባ «መጣችሁ?» አለና ቴሌቪዥኑን ማየቱን ቀጠለ። ባርኮት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እንዳለቀሰች አውቄያለሁ፤ ያላየሁ መሰልኩ።

ሰው ለልጁ እንዲህ የሚቀዘቅዘው ልቡ ሌላ ቤት ሲገባ ነው። እናቴ ይህን ስትል ሰምቻለሁ፤ አሁን ገባኝ።

የካቲት 11

መምህራን ማረፊያ ክፍል ልገባ ስል ከውስጥ «የራሔል ባልማ ሰልሟል እኮ» ሲባል ሰማሁ። በሩን ስከፍት ሁሉም ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ። በየካቲት ምን ዝናብ አለ?

ከሰዓት የእድራችን ዳኛ ጋሽ ሽፈራው ቤት ድረስ መጡ። የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ነገር አያለዝቡም። «አንቺ ልጅ፣ ብነግርሽ ይሻላል። ባልሽ በዚህ በታላቁ ጾም ከግንቡ ፈላና በር አጠገብ አሚና ከምትባል ሴት ምግብ ቤት ቁጭ ብሎ ሥጋ ይበላል። በዓይኔ አይቻለሁ። የእስላም ሥጋ ነው የምልሽ! ሰልሞ ሊያገባት ነው እየተባለ ነው። አዲስ ስም ሁሉ አውጥተውለታል።»

«ሥራ ላይ ነው የሚውለው» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሥራ ካገዱት ወር ሊሞላው ነው አሉኝ። አለቃውን በሰው ፊት በመልኩ ሰድቦታል። ኒቆ ግን በየጠዋቱ የቅየሳ ቦርሳውን አንግቶ ይወጣል፣ ማታ ይገባል።

ጽጌሬዳ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ነገ ከተማው ሁሉ ይሰማል። አያቶቼ እዚህ አገር መጥተው መቶ ዓመት ተከብረው ኖረዋል፤ የሰው መሳቂያ የሆንኩት እኔ ነኝ።

የካቲት 12

ሄድኩ። ባልሄድ ይሻለኝ ነበር። አይ፣ መሄዴስ ደግ ነው። አላውቅም።

የአሚና ቤት ከበሩ ገባ ብሎ፣ የልብስ ሰፊዎቹ መደዳ ጋ ነው። ኒቆ ጥግ ይዞ ይበላል። እኔን አየና መብላቱን ቀጠለ። ሳይደነግጥ! ቢደነግጥ ኖሮ እንኳ ትንሽ በቀለለኝ።

አሚና ወፍራም፣ ደልደል ያለች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ወንበር ሳበችልኝ። «ተቀመጪ እህቴ። ወላሂ እኛ አልጠራናቸውም። መጀመሪያ የመጡ ቀን ከሰው ሳህን አንስተው በሉ። ሰው ሊመታቸው ሲነሳ እኔ ሰጠኋቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ያሳዝናሉ። ከዚያ ወዲህ ይመጣሉ። ሰለሙ የሚሉትን አትስሚ፣ ማተባቸው አንገታቸው ላይ ነው እኮ።»

ማተቡን ዞሬ አላየሁም። «ባሌን በሥጋ ነው ያጠመድሽው? አስማትሽን ምን ውስጥ ነው የምትጨምሪው?» አልኳት። ሌላም ብዙ አልኩ፤ እዚህ ልጽፈው አልፈልግም። ሰው ተሰበሰበ። ከሰው መሃል አንድ ወጣት «ሴትዮ፣ ሃይማኖታችንን አትንኪ» አለ፤ ሌላው ደግሞ እኔን ደግፎ መለሰለት። አሚና እጇን ዘርግታ ሁለቱንም ዝም አሰኘች። ቀይ ፊቷ ነጣ። «እሺ እህቴ፣ ይበቃል። ከእንግዲህ እዚህ አይበሉም» አለች።

አሸንፌ ተመለስኩ።

የካቲት 21፣ እሑድ

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጋሽ ሽፈራውና ሌሎች ሁለት፣ ሳሎናችን ውስጥ።

«ሰልመሃል?» «አልሰለምኩም።» «ሴት ይዘሃል?» «አልያዝኩም።» «ታዲያ በጾም ሥጋ ለምን በላህ?» ኒቆ ጥያቄው የገረመው መሰለ። «ይጣፍጣል» አለ።

ሚስትህን አዋርደሃል፣ ልጅህን ረስተሃል፣ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ጠይቅ አሉት። ከግቢ ድንጋይ ተመረጠ። ቀጭን አንገቱን ደፋ አድርጎ ተሸከመና ፊቴ ቆመ። ደስ ያለኝን ያህል! ያልቅሳል ብዬ ጠበቅኩ። ቀና ብሎ ጋሽ ሽፈራውን ሲያይ ግን ሳቀ። «ራስህ እንደ ዱባ ያበራል» አላቸው።

«ይህ ሰው ልቡ ደንድኗል» አሉ ጋሽ ሽፈራው ከወንበራቸው ተነስተው። ሌሎቹም ተነሱ። ድንጋዩን አውርድ ያለው ሰው የለም። እንደተሸከመ ቆሞ ቀረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ንቀት ነው አልኩ በልቤ። እያላገጠብኝ ነው።

«ውጣልኝ» አልኩት። ድንጋዩን አስቀምጦ ወጣ። አልለመነኝም፣ አልተሳደበም። ጋሽ ሽፈራው ማደሪያ እስኪያገኝ ብለው የእድሩን ዕቃ ቤት ከፈቱለት። ድንኳንና ብረት ድስት ከተከመረበት መሃል ፍራሽ አነጠፉለት። ባርኮት እስከ በሩ ተከተለችው። «አትሂጂ» አልኳት።

መጋቢት 6

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ምግብ ተርፎ ያድራል። የፍቺ ማመልከቻ አስገባሁ፤ ፍርድ ቤቱ ከፋሲካ በኋላ ቀጥሮናል።

ባርኮት በድብቅ ምሳዋን ትወስድለታለች። ዛሬ ያዝኳት። «እማዬ፣ በወጣበት ሸሚዝ ነው ያለው። ሸሚዙ ይሸታል። አባዬ ይሸታል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አባቷ በሐረር የውሃ ጭንቅ እንኳ በአንድ ኩባያ ውሃ ታጥቦ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ነበር የሚወጣው። «ያገባት ትጠብለት» አልኳት። ልጄ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። ምሳ ዕቃዋን ይዛ ወጣች።

ደግሜ ደጋግሜ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ምን በደልኩት? የበደልኩትን ቢነግረኝ።

መጋቢት 13

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ጠዋት ማረፊያ ክፍል ፈተና እያረምኩ ነበር። «የአንጎል የፊተኛው ክፍል ቢጎዳ በሰውየው ጠባይ ላይ ምን ይታያል?» ብዬ ነበር የጠየቅኩት። የአንዷ ልጅ እንግሊዝኛ የተሰባበረ ነው፤ ሐሳቧ ግን ይገባል። ሰውየው ነውር ይናገራል፣ ለታመመ አያዝንም፣ የሰው ምግብ ይበላል፣ ንጽሕናውን አይጠብቅም፣ ጾምም አይጾምም ትላለች። ጾሙን ከራሷ ነው ያመጣችው፤ እኔ አላስተማርኩም። ፈገግ ብዬ ልክ አደረግኩላት። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።

ወደሚቀጥለው ወረቀት አልፌ የተማሪውን ስም ሳነብ ነው፣ ልጅቷ የጻፈችው ስለ ኒቆ መሆኑ የገባኝ።

እንዴት ከማረፊያ ክፍሉ ወጥቼ እድሩ ዕቃ ቤት እንደደረስኩ አላስታውስም። በሩ ክፍት ነው፣ ፍራሹ ባዶ ነው። ጋሽ ሽፈራውን ጠየቅኩ፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አላየሁትም አሉኝ። አሚና ቤት ሮጥኩ፤ ዘግታለች። ፖሊስ ጣቢያ ስሄድ ነው የነገሩኝ። ገበያ ውስጥ ከአንዲት ባልቴት ቅርጫት ዳቦ አንስቶ ሲበላ፣ ሌባ ብለው ደብድበውታል።

ሆስፒታል አገኘሁት። የግራ ክንዱ አጥንት ተሰብሯል፣ አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል፣ ሁለት ጥርስ የለውም። እንዳየኝ «መጣሽ?» አለ፤ ልክ ከሥራ እንደተመለስኩ ሁሉ። ነርሷ «ዘመዱ ነሽ?» ስትለኝ ሚስቱ ነኝ ማለት አቃተኝ፤ ማመልከቻዬ ፍርድ ቤት ነው ያለው። «የልጁ እናት ነኝ» አልኳት።

አሥራ አራት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። አሥራ አራት ዓመት!

መጋቢት 22፣ አዲስ አበባ

ዶክተር ፍሬሕይወት የምትባል የነርቭ ሐኪም አየችው። ወጣት ናት፣ ትዕግሥተኛ ናት። ቃላት ሰጥታ አስደገመችው፣ ሥዕል አስሳለችው። ካርታ ሲስል የኖረ እጁ ቀጥ ያለ መስመር አወጣ። ቀኑን ያውቃል፣ ሁሉንም ያስታውሳል። ከዚያ ፊት ያለባቸው ፎቶግራፎች አሳየችው፤ የሚያለቅሰውን ከተቆጣው መለየት አልቻለም። ለእሱ ሁሉም ፊት ብቻ ነው።

የአንጎሉን ምስል መብራቱ ላይ ሰቅላ በጣቷ አሳየችኝ። ባታሳየኝም አውቀው ነበር። ከኋላ ደህና ነው። ከፊት በኩል መንምኗል፤ ጥቁሩ ክፍተት ሰፍቷል።

«ቀስ እያለ የሚሄድ በሽታ ነው» አለችኝ። «በዚህ ዕድሜ ይመጣል። የሚመልሰው መድኃኒት የለም። መቼ ጀመረው?»

ከጥር ልላት ነበር። ከዚያ አስታወስኩ፤ እናቴ ስትሞት፣ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ በቀብሯ ላይ ደረቅ ዓይኑን አይቼ ወንድ ነው፣ ይዋጥለታል ብዬ ነበር። ከዚያም በፊት የባርኮትን ልደት ረስቷል። ሥራ በዝቶበት ነው አልኩ። ለሁሉም ምክንያት ነበረኝ።

«ዶክተር፣ እንደሚጎዳን ያውቅ ነበር?»

«ያደረገውን ያውቃል፤ ነገሩ ለምን እንደሚያም ግን አይሰማውም። ሆን ብሎ አይደለም። ተዋርጃለሁ ብሎም አያዝንም፣ በዚህ እንኳ ተጽናኚ።»

ልታጽናናኝ ፈልጋ ነው። ሆቴል ስንመለስ ድንጋዩን ተሸክሞ ሲንቀጠቀጥ የነበረው ትከሻው ፊቴ ላይ ድቅን አለ። አውርድ የሚለው ሰው እየጠበቀ ነበር እኮ።

መጋቢት 26፣ ፋሲካ

ቤታችን ገብተናል። ማመልከቻውን ፍርድ ቤቱ ሲከፈት አነሳለሁ። ባርኮት የአባቷን ፀጉር አጠበችው።

ጋሽ ሽፈራው እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡ። ሐኪሟ ያለችኝን ነገርኳቸው። «ጠበል ይወሰድ» አሉ፤ ቀጥሎ ደግሞ «እኛስ መሃይም ነን። አንቺ አስተማሪዋ ለምን አላወቅሽም?» አሉኝ። በክፋት አይደለም የጠየቁኝ፤ መልስ ፈልገው ነው። አንጎሉ ሳህን ላይ ሲቀርብልኝ አውቀዋለሁ። ባሌ ጭንቅላት ውስጥ ሲሆን ግን የታየኝ የሰው አፍ ብቻ ነበር።

ሚያዝያ 2

አሚና ዘንድ ሄድኩ። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል በሁለት እጇ ያዘችኝ። «ተይ አቦ፣ ምን ማለትሽ ነው!»

ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ከእኔ ብሳ አለቀሰች። «አንቺ ከሄድሽ በኋላ ወንድሞቼ፣ የሃይማኖት ጠብ ታመጪብናለሽ አሉኝ። ወጣቶቹም ተጋግለው ነበር። ባለቤትሽ ሁለቴ መጡ፣ ሁለቴ መለስኳቸው። በሦስተኛው በሩን ዘጋሁባቸው። ቆመው መስኮቱን ሲያዩ ነበር። በዚያው ነው ወደ ገበያ የሄዱት። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ሌላ ሰው በእኔ ኃጢአት ይቅርታ ሲለምን ሰማሁ። እሷ በሯን የዘጋችው እኔ ስላዘጋኋት ነው። ይህን ደጋግሜ ነገርኳት። «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያለች ጀርባዬን ታሸኝ ነበር። ዓርብ ዓርብ ልትጠይቀው ትመጣለች።

ሚያዝያ 11

ባርኮት ትምህርት ቤት ነች። ኒቆ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል፣ እጁ በፋሻ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሳምንት ሙሉ ስሸሸው የነበረውን ነገር ዛሬ አደረግኩት። ፊቱ ተንበርክኬ «ኒቆ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ይቅር ብያለሁ» አለኝ። ሳያስብ፣ መንገድ ላይ እንደገፋው ሰው።

«ምን እንዳደረግኩህ ታውቃለህ?»

«አዎ። በሰው ፊት ድንጋይ አሸከምሽኝ። አስወጣሽኝ። ከዚያ ገበያ ውስጥ መቱኝ።» አንዱንም አልሳተም፣ በቅደም ተከተሉ።

ድሮ ሲቀየመኝ ሦስት ቀን ይዘጋኝ ነበር። ያን ዝምታውን እንዴት እንደምጠላው! ዛሬ ሦስት ወር ቢዘጋኝ እንደ ስለት በተቀበልኩት ነበር። የበደልኩት ሰው እዚያ ውስጥ ኖሮ አንዲት ቀን ብቻ በቁጣ ቢያየኝ።

«አልተቀየምከኝም?» አልኩት።

ከመስኮቱ ዞሮ ፊቴን አየ። ተማሪ ሳለሁ የሒሳብ ጥያቄ ስጠይቀው እንደሚያደርገው ግንባሩን ሰብሰብ አደረገ፤ በእውነት ሊያውቀው የፈለገ ይመስላል።

«መቀየም ነበረብኝ?» አለኝ።

«አዎ፣ ነበረብህ» አልኩት።